የሸዋረገጥ ምትክ

ጥቅምት 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬ ኩልሱም እራት ላይ እንግሊዝኛዬን አረመችኝ።

ሐሙስ ሐሙስ በእኛ ቤት እራት የሚበላው በእንግሊዝኛ ነው። ጨው አቀብዪኝም፣ ውሃ ቅጂልኝም በእንግሊዝኛ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ አራተኛ ክፍል የገባች ዓመት። ያኔ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» ሌላ አታውቅም ነበር። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ መጋቢት ላይ ማትሪክ ትፈተናለች። ነገ ሳሙና መግዛቱን እንዳልረሳ አስታውሺኝ ለማለት «ፕሊስ ሪሜምበር ሚ» አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል፣

«ሪማይንድ» አለች።

«ምን?»

«ሪማይንድ ሚ ነው እትዬ። ሪሜምበር ራስሽ ስታስታውሺ ነው። ሌላ ሰው ሲያስታውስሽ ሪማይንድ ይባላል። በአማርኛ ሁለቱንም ማስታወስ ስለምንል ነው የሚምታታብን።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሚስ ሸዋረገጥ ናታ!»

ስሟን ስትጠራ ፊቷ በራ።

ሸዋረገጥ መስከረም ላይ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከአዲስ አበባ የተመደበችልን የላይኛው ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለማትሪክ ተፈታኞች ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነፃ ታስጠናለች። እኔ እዚያው ግቢ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ። እናታችን ስትሞት ኩልሱም የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እኔ ሃያ። ኤ ቢ ሲ ዲን ያስቆጠርኳት በዚህችው ወጥ ቤት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።

መዝገበ ቃላቱን ገልጬ አየሁ። ሸዋረገጥ ልክ ናት።

ለኩልሱም ግን «ሁለቱም ይባላል» አልኩና ሳህኑን አነሳሁ።

ኅዳር 4

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሃምሳ ሁለት ደብተር ይጠብቀኛል።

ኩልሱም ቤት ገብታ ሻሿን ስትፈታ ፀጉሯ መሃል ለመሃል ተከፍሏል። እናታችን በጎን ነበር የምትከፍልላት። እኔም እስከ ዛሬ በጎን። በመሃል የምትከፍለው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። 

ከጓሯችን ብርቱካን አራት ፍሬ ጎድሏል። ለማን እንደሄደም አልጠየቅሁም።

ኅዳር 9

ዛሬ መምህራን ማረፊያ ክፍል ብቻችንን ተገናኘን። ስገባ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«ኩልሱም ጎበዝ ናት። መሠረቷ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት እርስዎ እንደሆኑ ነገረችኝ።»

«አንቺ በይኝ እንጂ፣ ባልደረቦች አይደለን?»

«ኧረ እንዴት አድርጌ! በዕድሜም በአገልግሎትም ይቀድሙኛል።»

ቀኑን ሙሉ ሳመነዥከው ዋልኩ። በዕድሜም! ሠላሳ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው። «መሠረቷ ጥሩ ነው» ማለትስ ምን ማለት ነው? መሠረት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ነገር ነው። አላፊ አግዳሚው እያየ «እንዴት ያለ ቤት!» የሚለው ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው፤ እሱን ደግሞ እየሠራች ያለችው እሷ ናት።

ማታ የእናታችን ታናሽ እህት አዴ ዘይቡ መጥተው ነበር። ገና ከበሩ «ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ» አሉኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። በእርግጥም ሥራ በዝቶብኛል።

ኅዳር 13

በቧንቧው በኩል ሳልፍ የላይኛው ክፍል ልጆች እግራቸውን ይታጠባሉ። አንዱ «ታች ክፍል የተከሉብንን የእንግሊዝኛ አረም ሚስ ሸዋረገጥ እየነቀለችልን ነው» አለ። ተንጫጭተው ሳቁ።

ከሳቆቹ መካከል የኩልሱም ሳቅ ነበረበት? አልነበረበትም ይመስለኛል። እንዲያው ሰማሁ እንጂ ቆሜ አላዳመጥኩም። ቆሜ እንዳላዳመጥኩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ኅዳር 15

ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ከአጋሮ ወዲያ ባለ የመንግሥት እርሻ ቡናው ቀልቶ፣ ለቃሚ ጠፍቶ ዛፉ ላይ እየደረቀ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ስልሳ ተማሪዎች፣ ሁለት ወንድ መምህራን፣ ለሴቶቹ ኃላፊ የምትሆን አንዲት መምህርት ለሁለት ወር ይዘምታሉ። የማትሪክ ተፈታኞች አይነኩም።

የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ርዕሰ መምህራችን ጓድ ነጋሳ ናቸው። እኔ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ነኝ። ወንዶቹ በዕጣ ወጡ። ከሴቶቹ አንዷ አራስ ናት፣ አንዷ ጡረታዋ ደርሷል። የቀረነው ሸዋረገጥና እኔ።

«የሴቷን ነገር አንቺው ጨርሺው» አሉኝ ጓድ ነጋሳ ኮታቸውን እየደረቡ። «ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ። ተመካከሩና ስሙን ሙዪው።»

ኅዳር 16

ስሟን ሞላሁት። ሸዋረገጥ።

መመሪያው «አገልግሎቱ አጭር የሆነው በቅድሚያ ይዘምታል» ይላል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ይላል። ደግሞ እኔ ብሄድ ኩልሱም በማትሪክ ዓመቷ ብቻዋን ትቀራለች። ማንም ሰው ቢሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለመመካከር ጊዜ አልተገኘም።

ጊዜስ ነበር። ቢሮው መስኮት ላይ ቆሜ አያት ነበር። የቅዳሜ ተማሪዎቿን ሸኝታ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። የጓሯችን ብርቱካን ነው፣ በስሎም ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ የሚቀረው። ከመስኮቱ ዞር ብዬ ስሙን ጻፍኩ።

ኅዳር 18

ዝርዝሩ ተለጠፈ። ኩልሱም አልቅሳ ምሳ አልበላችም።

«ለፈተናው አራት ወር አልቀረም! እስከ ጥር እሷን ወስደው እኛን ማን ያስጠናናል? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ኮሚቴው ነው።»

«አንቺስ ኮሚቴው ውስጥ አይደለሽም እንዴ? ምናለ ብትከራከሪላት?»

«መመሪያ ነው ልጄ።»

አቀፍኳት። ደረቴ ላይ ተለጥፋ ብዙ አለቀሰች። በልጅነቷ ትኩሳት ሲይዛት እንደምትለጠፍብኝ። እንዲህ ካቀፍኳት ስንት ጊዜ ሆኖኛል! ደስ አለኝ። አስተግፊሩላህ፣ እያለቀሰች ደስ አለኝ።

ኅዳር 20

ዛሬ ጠዋት በሁለት የጭነት መኪና ሄዱ። ሸዋረገጥ ከመሳፈሯ በፊት ፈልጋ አገኘችኝ። በጋዜጣ የተሸፈነ ወፍራም ደብተር ሰጠችኝ።

«የማክሰኞና የቅዳሜው ክፍል ማስታወሻ ነው። የሚምታቱ ቃላት ላይ ነበርን። ከእርስዎ ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም። አደራ።»

ተቀበልኳት።

«ስሜ እንዴት እንደወጣ ያውቃሉ?»

«በመመሪያው መሠረት ነው።»

«እሺ» አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ያደረገችው የሸራ ጫማ ነው። በዚህ ወቅት ቡናው ሥር ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥባል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ከየት ታውቃለች? ቤት ውስጥ ከአባታችን የቀረ የላስቲክ ቦት አለ። ሮጬ አምጥቼ ልስጣት ብዬ አሰብኩ። መኪናው ተነሳ። ቤታችን እኮ አምስት ደቂቃ ነው።

ኅዳር 26

ሸዋረገጥን ተክቼ የያዝኩት የመጀመሪያው ክፍል። ሠላሳ ሰባት ተማሪ፣ ኩልሱም ሁለተኛው ረድፍ ላይ። የመልመጃ ወረቀት ላርም ብል እስክሪብቶዬ አልጽፍ አለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ጀቤሳ የሚባለውን የሰርቦ ልጅ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» አልኩት።

ከኋላ ሁለት ሴቶች ተያዩ። ኩልሱም አንገቷን ደፋች። ጀቤሳ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ፊቱ ላይ እዘኔታ ነበር።

ቤት ገብቼ የሸዋረገጥን ደብተር ገለጥኩ። አራተኛው ገጽ ላይ አለ። ቦሮው መዋስ፣ ሌንድ ማዋስ። «ቦሮው ሚ» የሚባል እንግሊዝኛ የለም፤ «ሌንድ ሚ» ነው። ከሥሩ በቀይ አስምራበታለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየክፍሉ እየዞርኩ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» በሉ ስል፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ሲሉ። ስንት ልጅ እንደሚሆን ላስላ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

ኅዳር 28

ሐሙስ ነው። እራታችንን በአማርኛ በላን። ሕጉን ማናችንም አላነሳነውም።

«ቦሮው ሚ ስህተት እንደሆነ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ኤዬ» ብላ አዎ አለችኝ በኦሮምኛ። ሲጨንቃት ወደ ኦሮምኛ ትሸሻለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በስህተትሽ እንዳንስቅ ሚስ ሸዋረገጥ ስለከለከለችን ነው። ቃሉን ያስተማረችን ቀን አንድ ልጅ ‹ይህን ያስተማሩን ቲቸር መድና ናቸው› ብሎ ሳቀ። እሷ ጠመኔዋን አስቀመጠችና ‹እዚህ ክፍል ውስጥ በመምህሩ የሚስቅ ሰው የለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እንደዚያው ነበር የምለው› አለች። ከዚያ ማንም አልሳቀም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ልቡ ይራራ ነበር። እኔ ነደድኩ። እንድታዝንልኝ ማን ጠየቃት? ደግሞስ በእውነት እንደዚያ ትል ነበር ወይስ እኔን ለመሸፈን ዋሸች? ዋሽታ ከሆነ የባሰ ነው።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ የደረስንበት ገጽ «ጄለስ» እና «ኤንቪየስ» ነበር። ልዘለው አሰብኩ። ቃላቱ በተራ ቁጥር ስለሚሄዱ ልጆቹ ያውቁብኛል ብዬ ተውኩት። ያለውን በቀጥታ አነበብኩላቸው፤ ጄለስ ማለት የኔ የምለውን ሰው ሌላ ይወስድብኛል ብሎ መፍራት ነው፤ ኤንቪየስ ማለት ደግሞ ሌላው ያለውን አይቶ «ለምን የኔ አልሆነም» ማለት። አማርኛው ላይ ቅናትና ምቀኝነት ብላ ጽፋ፣ ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። እሷም እርግጠኛ አልሆነችም።

ጀቤሳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ቢያድሩስ?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ይቻላል» አልኩ። «ምሳሌ ጻፉ።»

ታኅሣሥ 21

ከእርሻው ለስኳር የመጣ ሹፌር ወሬ ይዞ መጣ። ሸዋረገጥ ወባ ይዟታል። አጋሮ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ኩልሱም ወዲያው ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን።

ታኅሣሥ 23

ትናንት አጋሮ ደርሰን ማታ ተመለስን። አሁን ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሰላት በኋላ ነው የምጽፈው።

አውቶቡሱ ውስጥ ኩልሱም መስኮቱን ስታይ ሄደች። በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ብርቱካን በዘንቢል ይዘናል፤ ዘንቢሉን እኔ ነበርኩ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት።

ሸዋረገጥን መጀመሪያ አላወቅኋትም። ግማሽ ሆናለች። አንሶላው ላይ ያረፉት ጣቶቿ ከቡናው ጭማቂ ጠቁረዋል፣ ጥፍሯ ሥር ሳይቀር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ኩልሱምን ስታይ ለመነሳት ሞከረች። እኔን ስታይ «እርስዎም መጡ» አለች።

ብርቱካን ልጬ በትንንሹ አጎረስኳት። ሁለት ጉርሻ በላችና ደከማት። ኩልሱም የሞቀ ውሃ ልትለምን ወጣች። ብቻችንን ቀረን።

«ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተመካከሩ ተብዬ ነበር። ሆነ ብዬ ነው።»

ዓይኗ ተከድኗል። ትንፋሿ ይሰማል። እንቅልፍ ወስዷታል።

አልቀሰቀስኳትም። ላስነሳት እችል ነበር። በመንገዱ ሁሉ ለራሴ «ነግሬያታለሁ» ስል መጣሁ። ደብተሯ ውስጥ ግን ይህም አለ፤ «ሴይ» እና «ቴል»። ሴይ ሲሉ ሰሚ ባይኖርም ይሆናል። ቴል ሲሉ ግን የሚነገረው ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልኩ እንጂ አልነገርኳትም።

እናቷ ከአዲስ አበባ መጥተው ሊወስዷት ነው ይላሉ፤ እስክታገግም።

ጥር 3

ኩልሱም አወቀች።

ጓድ ነጋሳ ናቸው የነገሯት፤ ክፋት አስበው አይደለም። ኮሪደር ላይ አግኝተዋት «እህትሽ ሠራተኛ ናት። የዘማቾቹን ዝርዝር በአንድ ቀን አጠናቀቀችልኝ። የሴቷንማ ስም ብቻዋን ወስና ነው የሞላችው» ብለዋት ሄዱ።

ቤት ስትገባ ደብተሯን አላስቀመጠችም።

«አንቺ ነሽ?»

ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ ወይ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳለቅስ አቀፍሽኝ እኮ! አጋሮ ድረስ አብረሽኝ ሄድሽ። ብርቱካን ስታጎርሻት አይቼ ‹እህቴ እንዴት ደግ ናት› ብዬ ለአዴ ዘይቡ ሁሉ ነገርኩ። ወላሂ ነገርኩ!»

«ላጣሽ መስሎኝ ነው ኩልሱም።»

«የት ሄጄ ነው የምታጪኝ? እኔ እኮ የትም አልሄድኩም ነበር» አለች። ከዚያ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። «አሁን ነው የምሄደው።»

ልከለክላት በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝ። ከበሩ ዞር አልኩ።

ጥር 5

አዴ ዘይቡ ብርድ ልብሷን ሊወስዱ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ።

«ልጅቷን አሳድገሻል፣ አላህ ይይልሽ» አሉኝ። «ዳሩ የሰው ልጅ ጫጩት አይደለም፣ ቅርጫት አይደፋበትም። ማል ጎና? ምን እናድርግ? ፈተናዋን እስክትፈተን እኔ ጋ ትሁን።»

ኩልሱም ዛሬ ለቅዳሜው ክፍል መጣች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ስትጠይቀኝ «ቲቸር» አለችኝ።

ለአንድ ሰው ሽንኩርት ስንት እንደሚከተፍ ጠፍቶኝ ወጡን አበዛሁት።

ጥር 14

ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ቦሮው ሚ» ብዬ ጻፍኩና በኤክስ ሰረዝኩት።

«ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ» አልኩ። «ትክክለኛው ሌንድ ሚ ነው።»

ሃምሳ ሁለት ልጅ አፉን ከፍቶ አየኝ። አንዱ «ቲቸርም ይሳሳታል?» አለ። ከዚያ ሶረቲ የምትባለው ትንሿ ልጅ ተነሳች። ዓይኗ እንባ አቅሯል።

«ቲቸር፣ እኔ ባለፈው ፈተና ሌንድ ብዬ ጽፌ ኤክስ አድርገውብኛል። ወንድሜ ነበር ያስጠናኝ። ልክ ነው ብልዎት ‹ከመምህርሽ ወንድምሽ ይበልጣል?› አሉኝ።»

አላስታውሰውም ነበር። አሁን አስታወስኩት። ወረቀቷን ቤቷ አስቀምጣው ኖሮ በምሳ ሰዓት ሮጣ አመጣችው። ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁላት። ወረቀቱን ካጣጠፈችው በኋላ ደግማ ገልጣ አየችው።

የካቲት 2

ብዙ ነው የምጽፈው፤ እጄ ግን ደክሟል።

ዛሬ ግለ ሂስ ነበር። በየጊዜው መምህራኑ በየተራ ተነስተን ጥፋታችንን እንናገራለን፣ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሥነ ሕይወት መምህሩ ወልደሰማያት «በውይይት ክበብ ተሳትፎዬ አናሳ ነበር» አለ፤ ባለፈውም ይህንኑ ነበር ያለው። ጻፍኩ። ሌላው ስብሰባ ማርፈዱን ተናዘዘ። ጻፍኩ። ሸዋረገጥ ከአዲስ አበባ በተመለሰች በሦስተኛ ቀኗ ናት። ካፖርት ደርባ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

ተራዬ ሲደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ለቡና ለቀማው የጓድ ሸዋረገጥን ስም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ተመካከሩ ብለውኝ ነበር፣ አልተማከርኩም። መመሪያውን ሰበብ አደረግሁት። ምክንያቴ ቅናት ነው። እህቴን የወሰደችብኝ መሰለኝ። በእንግሊዝኛዋም ቀናሁ።»

አንድ ሰው አሳለ። ጓድ ነጋሳ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጓድ መድና፣ ቅናት የፖለቲካ ቃል አይደለም። ‹ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ ታይቶብኛል› ብለሽ ጻፊው።»

«እሱ ሌላ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ትርጉሙ ያው ነው!»

«ያው አይደለም። እኔ የነበረብኝ ቅናት ነው።»

ወልደሰማያት ሳቁን ሊውጥ ሞከረና አልቻለም። ጓድ ነጋሳ ተቆጡ። እኔም ጻፍኩት፤ ቅናት። ቀጥሎ ከጸሐፊነት እንድነሳ፣ ከመስከረም ጀምሮም ወደ ሰርቦ እንድዛወር ለአውራጃው ሐሳብ እንዲቀርብ ተወሰነ። እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ስወጣ ሸዋረገጥ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቀኛለች።

«ለቃለ ጉባኤው ተናገርሽ» አለችኝ። «ለእኔ ግን ገና አልነገርሽኝም።»

አንቺ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀርባኝ ይሁን ንቃኝ አላወቅሁም።

እዚያው ቆመን ነገርኳት። መስኮቱን ነገርኳት። ስለ ቦቱም፣ አምስት ደቂቃ ስለሆነው መንገድ። ኩልሱም ስታለቅስ ደስ ስላለኝ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኩት። አጋሮ ላይ ተኝታ ሳለች የተናገርኩትንም።

ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

«ትኩሳቱ ሲይዘኝ» አለች፣ «ማንን በድዬ ነው እዚህ የላኩኝ እያልኩ በተራ ሰው እቆጥር ነበር። አንቺን አልቆጠርኩሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቅር እንድልሽ ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።» ካፖርቷን ሰበሰበች። «ማክሰኞ ግን ክፍሉን አብረን እንይዘዋለን። እኔ ገና ብዙ መቆም አልችልም። አንቺ ሰሌዳ ላይ ትጽፊያለሽ።»

የካቲት 27

ማክሰኞ። ሰባተኛ ጊዜያችን ነው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስረዳለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስሳሳት እዚያው ታርመኛለች፤ እኔም ዛሬ አንድ ጊዜ አረምኳት። መዝገበ ቃላት አየች። «ልክ ነሽ» አለች በሁሉም ፊት። ይህን ያህል ቀላል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኩልሱም ከመጨረሻው ረድፍ ወደ መካከል ተጠግታለች። ኩሬ ላይ እንዳለች ወፍ እንዳትበር ብዬ ያላየሁ መሰልኩ።

መጋቢት 17

ፈተናው ዛሬ ተጀመረ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ደረስኩ። ጭጋግ ነበር። ልጆቹ እርሳስና ላጲስ ይዘው፣ አንዳንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። ሸዋረገጥ ከእኔ ቀድማ መጥታ በበሩ በግራ በኩል ቆማለች። እኔ በቀኝ ቆምኩ። በአንገቷ ሰላም አለችኝ።

ኩልሱም ከአዴ ዘይቡ ጋር መጣች። ሁለታችንንም አየች። ሮጠች። ወደ ሸዋረገጥ ነው የሮጠችው። አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሸዋረገጥ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ስትነግራት፣ ሁለቱም ሲስቁ አየሁ።

ቀናሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ፣ ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ዛሬም ቀናሁ። ደረቴ ላይ ያው ቦታ፣ ያው ሕመም። ወደ ቤት ልመለስ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ አልሄድኩም። እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ዝም ብዬ አየኋቸው።

ኩልሱም ስትጨርስ ወደ እኔ መጣች። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«አልተኛሽም» አለች።

«አንቺስ?»

«ትንሽ ተኝቻለሁ።» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው፣ እትዬ።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ስፌቱ ሁሉ ውጭ ነው። ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ ወደ በሩ ተጋፉ። አዴ ዘይቡ «ግቢ ልጄ፣ ይዘጋብሻል!» አሏት።

ኩልሱም አልገባችም። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሹራቤን አውልቄ፣ አስተካክዬ እስክለብስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። አንገቴ ሥር የታጠፈውን አንገትጌ በጣቷ አቃናችው። ከዚያ ገባች።